ጭጋጉ በሲሊኮን አይወጣም

ደሴ ላይ ጉም ብርቅ አይደለም። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጠዋት ጠዋት ጋቢውን እንደተከናነበ ነው፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይታይም። ሰሞኑን ግን ደንበኞቼ ስለ ሌላ ጉም ይጠይቁኝ ጀምረዋል። በሁለት መስታወት መሃል ስለተኛ፣ ከውስጥም ከውጭም ቢወለውሉት ስለማይለቅ ጉም። ነገሩን ያመጣው በየስልኩ የሚዞር አንድ ጽሑፍ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ሰው ላከልኝ። አንደኛው ከሥሩ «ለዚህ ነው እንዴ ያን ሁሉ ብር የምትጠይቀን?» ብሎ ጨምሮበታል።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ደብል መስታወት፣ ማለትም ዙሪያው የታሸገ ባለ ሁለት ንጣፍ መስታወት፣ ጭጋግ ከያዘ ማሸጊያው ተበላሽቷል። ማሸጊያው ከተበላሸ በሁለቱ መስታወት መሃል የተሞላው ጋዝ ወጥቷል፤ ጋዙ ከወጣ ደግሞ ከነጠላ መስታወት አይሻልም። ቢሆንም መቀየር አያስፈልግም። በፀጉር ማድረቂያ አሙቁት፣ ዙሪያውን በሲሊኮን ዝጉት። እምቢ ካለ ጥጉን በትራፓኖ ብሱት፣ በስፒሪት እጠቡት፣ ጨው ወይም ከጫማ ካርቶን የምትወጣዋን የእርጥበት መጣጭ ከረጢት አስገብታችሁ ድፈኑት። ቀይሩት የሚላችሁ ባለሙያ ብራችሁን የፈለገ ነው።

ከመመለሴ በፊት ልናዘዝ። እኔ ያ ባለሙያ ነኝ። አሉሚኒየምና መስታወት እዚሁ ደሴ ላይ እሠራለሁ፣ እንጀራዬ ነው። «ይሄማ ለሆዱ ነው» ብትሉኝ አልቀየምም። ግን እስከ መጨረሻው ብታነቡኝ ከጸሐፊው ይልቅ ብር የማስቀርላችሁ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ጭጋግ ካያችሁ ማሸጊያው ሄዷል ይላሉ። የቱ ጭጋግ? ደብል መስታወት አራት ፊት አለው። ሁለቱን በእጃችሁ ትነካላችሁ፤ አንዱን ከቤት፣ አንዱን ከደጅ። የቀሩት ሁለቱ መሃል ላይ ተዘግቶባቸዋል። ጭጋጉ የቱ ፊት ላይ እንዳለ ሳይለዩ ትራፓኖ ማንሳት፣ ራሱን ላመመው ሰው ጥርስ እንደ መንቀል ነው።

ባለፈው ነሐሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ መስታወቱ ላብ በላብ ሆነ፤ ዓመት እንኳ አልሞላው» አሉኝ። ሄድሁ። ቡና ቀርቧል። ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ጀበናው ይተነፍሳል፣ ጥግ ላይ የልጆች ልብስ በገመድ ተሰጥቷል። ውጭ ዝናብ ነው፣ የት ይስጡት? መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። «እማማ፣ እስኪ በጣትዎ አንድ መስመር ያስምሩበት» አልኋቸው። አሰመሩ። መስመሩ ጥርት ብሎ ወጣ፤ በመስመሩ ውስጥ የጎረቤት ቆርቆሮ ታየ። «አብሽሩ፣ መስታወትዎ ጤነኛ ነው። ላቡ የቤትዎ ነው» አልኋቸው። አላመኑኝም። መስኮቱን ገርበብ አድርጌ ከፈትሁት። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ መስታወቱ ጠራ። ሒሳብ አልጠየቅሁም፤ በረካውን ጠጥቼ ወጣሁ። (በነገራችን ላይ ከሰል አያይዞ መስኮት መዝጋት ከመስታወት ላብ በላይ ያሳስባል። ጭሱ ባይታይም ይገድላል።)

ምክንያቱ ቀላል ነው። ቤቱ ውስጥ 18 ዲግሪ ሙቀትና 60 በመቶ እርጥበት አለ እንበል። ያ አየር 10 ዲግሪ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች የቀዘቀዘ ነገር ሲነካ ውሃ ይሆናል። ደጅ 5 ዲግሪ በሆነ ሌሊት የነጠላ መስታወት የውስጥ ፊት 8 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ ስለዚህ ያልበዋል። የደብሉ የውስጥ ፊት 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቆያል፤ ስለዚህ አያልበውም። ደብሉ ራሱ ካላበው ቤቱ ውስጥ ብዙ እንፋሎት አለ ማለት ነው። ጥራት ያለው መስታወት ጠዋት ላይ ከደጅ በኩል ጤዛ ሲይዝም ታያላችሁ። ያኛውማ የጤንነት ምልክት ነው። የቤቱ ሙቀት ወደ ውጭ ስላልወጣ የውጭው ፊት እንደ ሣሩ ቀዝቅዞ አድሯል ማለት ነው።

ማሸጊያው ሄደ የሚባለው ከውስጥም ከደጅም ጠርጋችሁ ጭጋጉ ሳይነካ እዚያው ሲቀር ብቻ ነው። ጸሐፊው ይህችን አንድ ዐረፍተ ነገር ቢጨምሩ ኖሮ ስንት ሰው ከትራፓኖ በተረፈ።

ሁለተኛው ነጥባቸው ጋዙ ነው። ጋዙ ከወጣ ደብሉ ነጠላ ሆነ ይላሉ። ይህ ሰው ማስደንገጫ ነው እንጂ እውነት አይደለም። ጋቢ ለምን ይሞቃል? ጥጡ እሳት ስላለው አይደለም፤ በእጥፎቹ መሃል አየር ይዞ ስለሚያስቀምጥ ነው። የደብል መስታወትም ሥራ ይኸው ነው። መስታወት ሙቀት ምን ያህል እንደሚያሳልፍ የሚለካበት ቁጥር አለ፤ ሲያንስ ጥሩ ነው። ነጠላው 5.8 አካባቢ ነው። ሁለት ተራ መስታወት፣ መሃሉ 12 ሚሊሜትር ተራ አየር፣ 2.8 አካባቢ። ያንኑ አርገን በሚባለው ጋዝ ብትሞሉት 2.7 አካባቢ። በሉ ልዩነቱን ራሳችሁ ቀንሱት። ጋዙ ሙሉ በሙሉ ቢወጣ እንኳ ያጣችሁት ይህችን ታክል ነው። በዚያ ላይ እኔ እዚህ ከፈታኋቸው አብዛኞቹ ሲጀመርም ጋዝ አልነበራቸውም፤ መሃላቸው እኔና እናንተ የምንተነፍሰው አየር ነው።

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው ልተውላቸው። ሙቀት መላሽ ቅብ ያለው መስታወት ላይ ጋዙ የተሻለ ዋጋ አለው። ብዙ ጊዜ ቅቡ ስስ የብር ንጣፍ ስለሆነ እርጥበት ሲያገኘው ይበላሻል፣ ነጠብጣብ ያወጣል። መስታወታችሁ ይህ ቅብ እንዳለው ማወቅ ከፈለጋችሁ ማታ መብራት አጥፍታችሁ ክብሪት ጭሩና ወደ መስታወቱ አስጠጉ፤ መጋረጃውን ግን አደራ። አራት ትንንሽ ነበልባል ይታያችኋል፣ ለእያንዳንዱ ፊት አንድ። አራቱም አንድ ዓይነት ቀለም ካላቸው ተራ መስታወት ነው። አንዱ ቀለሙ ከሌሎቹ ከተለየ ቅብ አለው። ልጆች በጣም ይወዱታል።

አሁን ወደ ፀጉር ማድረቂያውና ወደ ሲሊኮኑ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ የገባኝ ከፈታሁት በኋላ ነውና።

አንድ የተበላሸ መስታወት ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ ዙሪያውን በካተር ቆረጥሁት። መጀመሪያ የሚመጣው ጥቁር፣ ጠንከር ያለ ጎማ ነው። ሁለቱን መስታወት አንድ ላይ አጣብቆ የሚይዘው እሱ ነው። ከሱ ወደ ውስጥ ቀጭን ጥቁር መስመር አለች፤ ስትነካት ፀሐይ እንዳገኛት ማስቲካ ትሳባለች። ቡቲል ይሏታል። እንፋሎት እንዳይገባ የምትከለክለው እሷ ናት፤ ጎማው አይደለም። ከዚያ ውስጡ ክፍት የሆነ የአሉሚኒየም ዘንግ ይመጣል። መስታወቶቹን አራርቆ የሚይዘው እሱ ሲሆን በውስጠኛው ገጹ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ዘንጉን ጫፉን አንስቼ ሳዘነብለው እህል ከስልቻ እንደሚፈስ ከጤፍ ተለቅ የምትል ፍሬ ወረደች። እርጥበት መጣጭ ናት። መስታወቱ ሲታሸግ የቀረችውን እርጥበትና በዓመታት ውስጥ ሾልካ የምትገባዋን እየጠጣች የምትኖረው እሷ ናት።

አብሮኝ የሚሠራውን ልጅ ጠራሁት። ከአዲሱ ቆርቆሮ ትንሽ ፍሬ መዳፉ ላይ አደረግሁና ውሃ ጠብ አደረግሁበት። «ኧረ ጋሼ፣ ይፋጃል!» ብሎ አራገፈው። ደረቅ ፍሬ ውሃ ሲጠጣ ይሞቃል። ከአሮጌው ዘንግ የፈሰሰውን ደግሞ በሌላኛው መዳፉ አደረግሁለት። ውሃ ጨመርሁ። ምንም። እርጥብ አሸዋ በሉት። ጠጥቶ ጠግቧል፣ ከእንግዲህ አይጠጣም። የሰው መስታወት ጭጋግ ሲይዝ ይህ ነው የሆነው። ማሸጊያው ዛሬ ጠዋት አልተቀደደም፤ ምናልባት ከዓመታት በፊት ነው ማስገባት የጀመረው። ጭጋጉ የመጣው ፍሬዋ ስትጠግብ ነው።

እንግዲህ በፀጉር ማድረቂያ ስታሞቁት ምን ይሆናል? ጭጋጉ ይጠፋል። እውነት ይጠፋል፤ ጎረቤትም ጠርታችሁ ታሳያላችሁ። ግን የትም አልሄደም። ውሃ የነበረው እንፋሎት ሆኖ እዚያው መሃል ላይ ነው። ሌሊት ብርዱ ሲመጣ ተመልሶ ይተኛል። እንዲያውም መሃል ያለው አየር ሲሞቅ በቀጭኗ ክፍተት ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ከደጅ አዲስ አየር ከነእርጥበቱ ይስባል። መስታወቱ ቀን ያስወጣል፣ ሌሊት ያስገባል። ፀጉር ማድረቂያው ይህን ትንፋሽ ያፋጥነዋል እንጂ አያቆመውም። በቀዝቃዛ ጠዋት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ካተኮራችሁበት ደግሞ መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሲሊኮኑስ? ጸሐፊው ምቱበት የሚሉት መስታወቱና ፍሬሙ በሚገናኙበት፣ በዓይን በሚታየው መስመር ላይ ነው። ማሸጊያው ግን እዚያ አይደለም። ፍሬሙ ውስጥ ገብቶ ተደብቋል። ቁስሉ እግር ላይ ሆኖ ፕላስተሩን ጫማ ላይ መለጠፍ ነው። ደርሳችሁበት ብትቀቡት እንኳ ሲሊኮን ውሃን ይከለክላል እንጂ እንፋሎትን እንደ ቡቲል አይከለክልም፤ እንፋሎት በሲሊኮን ውስጥ በቀላሉ ያልፋል። በዚያ ላይ ብዙ ጊዜ ሱቅ የምናገኘው ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ነው። የሚሸታችሁ አሲድ ነው፤ ማሸጊያውን ሊጎዳው ይችላል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ፍሬሙ ውስጥ የገባ ውሃ መውጫ ያጣል። ለዚህ እመለስበታለሁ።

መብሳት። ይህን የመከረ ሰው ትራፓኖ የያዘበት ቀን እንዳለ እጠራጠራለሁ። አንድ መምህር ደንበኛዬ ጽሑፉን አንብቦ የሳሎኑን በረንዳ በር መስታወት ጥግ በሳው። አልበሳውም፤ ሞከረው። መስታወቱ ቴምፐርድ፣ በእሳት የጠነከረ፣ ነበር። ጫፉ ገና ሲነካው ጧ ብሎ እንደ በቆሎ ፍሬ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። «ቦምብ መስሎኝ ከሶፋው ኋላ ተኛሁ» ሲለኝ እየሳቀ ነው፤ የዚህ ከተማ ሰው እንዲህ ዓይነት ድምፅ ሲሰማ ሐሳቡ ወዴት እንደሚሄድ ግን ታውቃላችሁ። ቴምፐርድ መስታወት አይቆረጥም፣ አይበሳም። የሚቆረጠውም የሚበሳውም በእሳት ከመጠንከሩ በፊት ነው። ብዙ ጊዜ ጥጉ ላይ ትንሽ ማኅተም አለው፤ ማኅተም ካያችሁ ትራፓኖውን መልሱት። ለበርና ለዝቅተኛ መስኮት የሚገጠመው ብዙውን ጊዜ ይሄ ነው።

ተራ መስታወት ከሆነስ? ውጭ አገር ይህን ሥራ የሚሠሩ ድርጅቶች መኖራቸው እውነት ነው። በልዩ የመስታወት መሰርሰሪያ፣ ውሃ እያፈሰሱ፣ ከደጅ በኩል ይበሳሉ፤ አጥበው ትንሽ ማስተንፈሻ ይተክሉበታል። ጭጋጉ ሊጠፋ ይችላል። ይህን አልክድም። ግን ልብ በሉ፣ ቀዳዳውን አይደፍኑትም፤ መተንፈሻ ይተዉለታል። ማሸጊያውን ጠገኑት ሳይሆን መታሸጉን ተዉት ማለት ነው። ጸሐፊው ግን በስታችሁ፣ አጥባችሁ፣ መልሳችሁ ድፈኑት ይላሉ። ያ እርጥብ ልብስ ፌስታል ውስጥ እንደ መቋጠር ነው። ስፒሪቱም ቢሆን ተቀጣጣይ ነው፤ ጀበና ከተጣደበት ክፍል ውስጥ ስፒሪት ስታርከፈክፉ አይታየኝም። በመጨረሻም ጭጋጉ ለዓመታት ከቆየ መስታወቱን ራሱን ይበላዋል። ነጭ፣ ወተት መሳይ ጥላ ይቀራል። ያ ቆሻሻ አይደለም፣ የመስታወቱ ገጽ ነው የተጎዳው። በምንም አይታጠብም።

ጨውና ከረጢቷ ላይ ጊዜ አላጠፋም። ጨው እርጥበት የሚስበው አየሩ ከ75 በመቶ በላይ ሲረጥብ ነው፤ ከዚያ ራሱ ውሃ ሆኖ አሉሚኒየሙን ይበላል። የጫማዋ ከረጢትም ሲሊካ ጄል ናት፤ ጥሩ ነገር ናት፣ ግን ክፍተቱ ካልተዘጋ እሷም እንደ መጀመሪያዎቹ ፍሬዎች ጠጥታ ትጠግባለች። ደግሞስ በየት በኩል ነው የምትገባው?

ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሱትና ለኛ ለወሎዎች ዋናው የምለው ነገር ከፍታው ነው።

ደሴ ላይ ግማሹን ጠጥታችሁ አጥብቃችሁ የከደናችሁትን የሃይላንድ ጠርሙስ ይዛችሁ የሐረጎን ቁልቁለት ውረዱ። ኮምቦልቻን፣ ባቲን አልፋችሁ ሚሌ ስትደርሱ ጠርሙሱን እዩት። ሆዱ ገብቷል። ከታች ወደ ላይ ስትመጡ ግን ተቃራኒው ነው፤ የታሸገ ቺፕስ ደሴ ሲደርስ እንደ ፊኛ ይነፋል። ውስጡ የታሸገበትን ቦታ አየር ይዞ ነው የመጣው። የደጁ አየር ሲሳሳ የውስጡ ይገፋል።

ደብል መስታወት የታሸገ ቺፕስ ነው በሉት። ባሕር ዳርቻ ባለ ፋብሪካ ታሽጎ፣ በጅቡቲ ገብቶ፣ ጋላፊንና ሚሌን አልፎ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ሲደርስ፣ የደጁ አየር ግፊት ከተነሳበት በሩብ ገደማ ቀንሷል። መስታወቱ ባይለጠጥ ኖሮ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከሁለት ተኩል ቶን የማያንስ ግፊት ነበር። ስለሚለጠጥ ያብጣል፤ ሲያብጥ ግፊቱ ይቀንሳል። ጣጣው የሚቀረው ጠርዙ ላይ ነው። ያቺ ማስቲካ መሳይ መስመር ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምራ እየተሳበች ትኖራለች። በላዩ ላይ የደሴን ቀንና ሌሊት ጨምሩበት፤ ቀን የሚያቃጥል ፀሐይ፣ ማታ ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ። ሙቀቱ በወጣና በወረደ ቁጥር የውስጡ አየርም ይነፋል፣ ይሟሽሻል።

ሰው የሚገረምበት አንድ ነገር አለ። ቀድማ የምትበላሸው ትልቋ የሳሎን መስኮት ሳትሆን ትንሿ የመታጠቢያ ቤት መስኮት ናት። ትልቁ መስታወት ሆዱን ነፍቶ ግፊቱን ያስተነፍሳል። ትንሿ ጠንካራ ናት፣ አትለጠጥም፤ ሸክሙን ሁሉ ማሸጊያዋ ላይ ትጥለዋለች።

የናንተ መስታወት አብጦ እንደሆነ ለማወቅ ረጅም የውሃ ልክ መሃሉ ላይ በአግድም አስደግፉ። መሃሉ ነክቶ ጫፍና ጫፉ ክፍት ሆኖ ከተወዛወዘ አብጧል። የውሃ ልክ ከሌላችሁ ደጅ ቁሙና መስታወቱ ውስጥ የሚታየውን የመብራት ምሰሶ እዩ። ወገቡ ከጎበጠ ምሰሶው ላይ አትፍረዱ።

ይህን የሚያውቁ ፋብሪካዎች ወደ ከፍተኛ ቦታ ለሚሄድ መስታወት ከማሸጊያው የምትወጣ እንደ መርፌ የቀጠነች የብረት ቱቦ ይሰጡታል፤ በመንገድ ላይ ግፊቱን እያስተካከለች ትመጣለች። ከነዚህ ውስጥ ወፈር የምትለዋ ዓይነት ቦታው ስትደርስ መዘጋት አለባት። አንድ ሕንፃ ላይ ገጣሚዎች «ትርፍ ሽቦ ነው» ብለው ቱቦዎቹን እየቆረጡ ክፍቱን ትተዋቸው አይቻለሁ። ፍሬዎቹ የደሴን ክረምት በቱቦ ሲጠጡ ከረሙ። በሁለተኛው ዓመት ሕንፃው ጉም ለበሰ። ማሸጊያው ምንም አላጠፋም ነበር።

ስለዚህ ደብል መስታወት ስታዙ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ስንት ነው?» አይሁን። «የት ታሸገ?» ይሁን። አዲስ አበባ የታሸገ ከሆነ ከፍታው ከኛ ብዙ አይርቅም፤ ልዩነቱ ለማሸጊያው ሸክም አይሆንበትም። ከባሕር ጠለል የመጣ ከሆነ ቱቦው አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ ግራ ገብቶት ካያችሁ መልሱን አግኝታችኋል።

የመጨረሻ ነጥባቸው እኛን ባለሙያዎችን ይመለከታል። እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አላቸው። «ፍሬሙም አብሮ መቀየር አለበት» የሚል ባልደረባ አለን፤ አላፍርም፣ አለን። ይህን የሚላችሁ ሰው ፍሬሙ ተጣሞ ወይም ተሰብሮ ካላሳያችሁ አትስሙት። የሚቀየረው መስታወቱ ብቻ ነው። እጁ ለሥራ የማያመነታ ሰው ደግሞ የምድር ቤቱን ትንሽ መስኮት ራሱ ሊቀይረው ይችላል። ጸሐፊው ይህንን ቢጽፉ ኖሮ አጨበጭብላቸው ነበር።

እንዲህ ነው። መስታወቱን ከውስጥ የሚይዙት አራት ቀጫጭን ማያዣዎች አሉ። ከረጅሙ ጀምሩ፤ መሃሉ ላይ ስስ ስፓቱላ አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ አላቁት። ካቻቢቴ አትጠቀሙ፣ ፍሬሙን ያቆስላል። እያንዳንዱን ማያዣ ከየት እንደወጣ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፤ ሲመለስ አንድ ይመስላሉ ግን አንድ አይደሉም። መስታወቱን ብቻችሁን አታንሱ። አንድ ካሬ ሜትር ባለ 4 ሚሊሜትር ደብል 20 ኪሎ ነው፤ ጓንት አድርጉ። ከዚያ የፍሬሙን የውስጥ ጉድጓድ ከዳር እስከ ዳር ለኩና ከወርዱም ከቁመቱም 10 ሚሊሜትር ቀንሱ። በየጎኑ 5 ሚሊሜትር መተንፈሻ መኖር አለበት። ውፍረቱን ደግሞ አሮጌው ራሱ ይነግራችኋል፤ 4 መስታወት፣ 12 ክፍተት፣ 4 መስታወት ከሆነ 20 ሚሊሜትር ማለት ነው። በአንድ ሚሊሜትር ብትሳሳቱ ማያዣው አይገባም ወይም ይላቀቃል።

አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት ግን ቅድም እመለስበታለሁ ያልሁት ነገር አለ። የፍሬሙን የታችኛውን ጉድጓድ እዩ። ውሃ ወደ ደጅ የሚያስወጡ ቀዳዳዎች ሊኖሩ ይገባል። ባለፈው ወር ሆጤ አንድ ቤት የፈታሁት ጉድጓድ ውስጥ ያገኘሁትን ልቁጠርላችሁ። የልስን ሲሚንቶ ጓል፣ የደረቀ ቀለም፣ የሞተ ንብ፣ የጉንዳን አፈር፣ በዚያ ሁሉ ላይ ጣት የሚያጠልቅ የቆመ ውሃ። መስታወቱ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ስንት ክረምት እንደቆመ አላህ ይወቅ። ማሸጊያ ዝናብ ይችላል፤ ሌት ተቀን ውሃ ውስጥ መቆም ግን አይችልም። ቀዳዳዎቹን በሽቦ ጥረጉ፣ አንድ ሲኒ ውሃ አፍስሱና በደጅ በኩል ሲወጣ እዩ። ካልወጣ አዲሱም መስታወት የአሮጌው ዕጣ ነው የሚጠብቀው። ጸሐፊው በሲሊኮን ዝጉ ያሉት እንግዲህ ይህንን መንገድ ጭምር ነው።

መስታወቱ በቀጥታ ፍሬሙ ላይ አይቀመጥም። ከሥሩ ሁለት ጠንካራ የፕላስቲክ ወይም የጎማ ቁራጭ ይደረጋል፤ ለማይከፈት መስኮት ከየጫፉ የወርዱ ሩብ ላይ። እንጨት አትጠቀሙ፣ ይበሰብሳል። የሚከፈት መስኮት ከሆነ ቁራጮቹ የሚቀመጡበት ቦታ ይለያል፤ ያንን ለሚያውቅ ሰው ስጡት። ከፎቅም ከሆነ እንደዚያው፤ በመስታወት ጉዳይ ጀግና መሆን ደግ አይደለም። በኤልቲዜድ ብረት መስኮት ላይ ደብል አስገብቶ በስቱኮ መድፈንንም አልመክርም። የስቱኮው ዘይት ቡቲሏን ያሟሟታል፤ ሠርታችሁ ሳትጨርሱ ማበላሸት ጀምራችኋል።

ዋጋ አልጻፍሁም። ዛሬ የጻፍሁት ነገ ይስቅብኛል።

የማይቀየርም አለ፤ ይህን ደንበኞቼ ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፣ እኔ ግን ሥራ አጣበታለሁ። ጭጋግ የያዘ ደብል አሁንም ሁለት መስታወትና መሃሉ አየር ነው። ቤታችሁ ከበረደ መስታወቱን ከመክሰሳችሁ በፊት አመሻሽ ላይ የሚጤስ ዕጣን ይዛችሁ በመስኮቱ ዙሪያ ዙሩ። ጭሱ የሚጎነበስበት ቦታ ሁሉ ነፋስ ይገባል። የመስኮቱ ዙሪያ ጎማ አርጅቶ ወይም ተነቅሎ ይሆናል፤ እሱን መቀየር የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ ትራፓኖም አይፈልግም።

የራሴ ቤት የመታጠቢያ ቤት መስኮት ጭጋግ ከያዘ ሦስት ዓመት አለፈው። ትንሿ ናት፣ ቅድም እንዳልሁት። የምታየው የጎረቤት ግንብ ነው። አንድ ቀን ልቀይራት ለካሁና ለባለቤቴ ነገርኋት። «ተዋት» አለችኝ፣ «መጋረጃ ገዝተን ልንሰቅል አልነበር?»